አንጀት የሚበላው አንጀት ሲያርስ፦ ስለ ገና ታሪኮች የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ስልክ ተደወለልኝ። የደወለችው ይህን ምሽት ያዘጋጀችው ልጅ ናት። ያችውላችሁ፣ በሩ ጋ ቆማ እየሳቀች ነው። «ጋሼ፣ በዓል ስለሆነ የሚያሳዝን ነገር እንዳያመጡብን» አለችኝ። እሺ አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ሰው የሚሞትበትም ባይሆን ደስ ይለኛል» ብላ ጨመረች። እሺ የኔ ልጅ፣ አልኳት።

ስልኩን ዘጋሁና መጻሕፍት መደርደሪያዬ ፊት ቆምኩ። ለገና ታሪኮች ብቻ የለየሁት አንድ ረድፍ አለኝ። አንድ በአንድ ማውጣት ጀመርኩ። አንዱ ላይ ሰው ይሞታል፣ መለስኩት። ሌላው ላይ ታሪኩ ሳይጀመር ነው ሰው የሞተው። ሦስተኛው ላይ አንድ ሕፃን ልጅ ይደበደባል። አራተኛው ላይ ባለታሪኩ ራሱን ሊያጠፋ ድልድይ ላይ ቆሟል። ረድፉ አለቀ። እኔም ባዶ እጄን ቀረሁ።

ግራ የሚያጋባው ምን መሰላችሁ? እነዚህ ታሪኮች ሰው በበዓል ሰሞን ደስ እንዲለው ብሎ እየፈለገ የሚያነባቸው ናቸው። ልጆቹን ሰብስቦ የሚያነብላቸው፣ አንብቦም ሲጨርስ ቀለል የሚለው። ያ ሁሉ ሐዘን ውስጣቸው እያለ!

ቋንቋችን ይህን ጉዳይ ቀድሞ የገባው ይመስለኛል። የሚያሳዝን ነገር ስናይ «አንጀቴን በላው» እንላለን። የሚያስደስት፣ የሚያሳርፍ ነገር ስናገኝ ደግሞ «አንጀቴን አራሰው»። አንድ አንጀት ነው። የሚበላውም የሚርሰውም እሱው ነው። ዛሬ የምላችሁ ነገር ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ ያልተበላ አንጀት አይርስም። ከዚህ በኋላ የምጠራቸውን ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ።

ከትልቁ ልጀምር። የቻርልስ ዲክንስን «የገና መዝሙር» ያላነበበ እንኳ ስክሩጅ የሚባለውን ቋጣሪ ሽማግሌ በፊልምም ይሁን በካርቱን ሳያየው አይቀርም። በገና ዋዜማ ሌሊት መናፍስት ይመጡበታል፣ ያለፈውን፣ ያለውንና የሚመጣውን ያሳዩታል፣ ጠዋት ሌላ ሰው ሆኖ ይነሳል። ሁሉም የሚያወራው ስለ መናፍስቱ ነው። እኔ ግን ስለ ከሰሉ ላውራችሁ።

የስክሩጅ ቢሮ ውስጥ አንድ ጸሐፊ አለ፣ ቦብ ክራቺት። ደብዳቤ ሲገለብጥ ይውላል። ውጭው ብርድ ነው፣ ጉም ነው። የስክሩጅ እሳት ራሷ ትንሽ ናት፤ የጸሐፊው ግን ከማነሷ የተነሳ አንዲት ፍም ከሰል ብቻ ትመስላለች። መጨመር አይችልም። የከሰሉ ሣጥን ያለው ስክሩጅ ክፍል ውስጥ ነው፤ አካፋ ይዞ ብቅ ካለ ከሥራ መባረሩ ነው። ስለዚህ ምን ያደርጋል? የአንገት ልብሱን ይጠመጥምና በሻማ ሊሞቅ ይሞክራል። በሻማ! ዲክንስ እዚህ ላይ ሰውየው ብዙ ምናብ ስላልነበረው አልተሳካለትም ብሎ ይቀልዳል። እኛም እንስቃለን፣ ብርዱ ግን እኛም ጣት ላይ ደርሷል።

አሁን ወደ መጨረሻው ዝለሉ። ገና አልፏል። በማግስቱ ቦብ ወደ ሥራ ሲገባ 18 ደቂቃ ተኩል አርፍዷል። ስክሩጅ ፊቱን አጨፍግጎ ይጠብቀዋል። የሚያባርረው ይመስላል። ከዚያ ደመወዝህን ልጨምርልህ ነው ይለዋል። ቀጥሎ ያዘዘው ምንድን ነው? ሌላ ፊደል ከመጻፍህ በፊት ሂድና አንድ የከሰል ባልዲ ግዛ!

ስለ ፍቅር ንግግር አላደረገም። ስለ ሰው ልጅ ደግነትም አላብራራም። ከሰል ግዛ አለው፣ በቃ። መጀመሪያ ላይ ያንን ሻማ ባናይ ኖሮ ይህ ባልዲ ምንም አይነግረንም ነበር፤ ተራ የቢሮ ዕቃ ግዢ ነው። ሻማውን ስላየን ግን ባልዲው ጉሮሯችን ላይ ይቆማል።

ዲክንስ ይህን ከየት አመጣው? ከራሱ ሕይወት ነው። በ1824 አባቱ ለዳቦ ጋጋሪ 40 ፓውንድ ከ10 ሽልንግ ዕዳ ነበረበትና ማርሻልሲ የሚባለው የባለዕዳዎች እስር ቤት ገባ። ልጁ ገና 12 ዓመቱ ነው። የጫማ ቀለም ፋብሪካ ገብቶ የቀለም ዕቃ ላይ ወረቀት ሲለጥፍ ዋለ። ይህን በሕይወት እያለ ለሕዝብ አልተናገረም፤ ሰው ያወቀው ከሞተ በኋላ በወጣው የሕይወት ታሪኩ ነው።

በ1843 ደግሞ በእንግሊዝ ማዕድን ማውጫና ፋብሪካ ውስጥ ስለሚሠሩ ሕፃናት የወጣ የመንግሥት ሪፖርት አነበበ። በጣም ተናደደ። መጀመሪያ ያሰበው ስለ ድሃ ልጆች የአቤቱታ በራሪ ጽሑፍ ለማሳተም ነበር። ከዚያ ሐሳቡን ቀየረ። እስቲ አስቡት፣ ያ በራሪ ጽሑፍ ታትሞ ቢሆን ዛሬ ማን ያስታውሰው ነበር? እሱን ተወና ስድስት ሳምንት በሚሆን ጊዜ ውስጥ ታሪኩን ጻፈው። መጽሐፉ በታኅሣሥ ወር፣ ዲሴምበር 19 ቀን 1843 ወጣ። 6,000 ቅጂ ነበር፤ ለገና ዋዜማ አንድም አልቀረም።

አንድ ነገር በጨዋታ መሐል ልጨምር። ገንዘቡ አልተሳካለትም። የኅትመቱን ወጪ ራሱ ሸፍኖ ነበር። በቀለም የተሠሩ ሥዕሎች፣ ወርቃማ ጠርዝ፣ የሚያምር ሽፋን አሠራ። ዋጋውን ግን ሰው እንዲገዛው ብሎ 5 ሽልንግ አደረገው። 1,000 ፓውንድ አገኛለሁ ሲል ከመጀመሪያው ኅትመት የደረሰው 230 ነበር። በወሩ ሌሎች ሰዎች ታሪኩን ሰርቀው አሳተሙት። ከሰሳቸው፣ ረታቸው። እነሱ ከሰርን አሉና የችሎቱን ወጪ፣ 700 ፓውንድ፣ ረቺው ራሱ ከፈለ። ስለ ቋጣሪ ሰው ጽፎ ኪሱን ያራገፈ ደራሲ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ያዘጋጀችው ልጅ ደስ እንዲላት ደግሞ ይህን ልንገራችሁ። የቦብ ልጅ ትንሹ ቲም በሽተኛ ነው፣ በምርኩዝ ነው የሚሄደው። የመጨረሻው መንፈስ ለስክሩጅ የሚያሳየው ወደፊት ላይ ቲም ሞቷል። መጨረሻ ላይ ግን ደራሲው ትንሹ ቲም አልሞተም ብሎ በግልጽ ይነግረናል። ይህች አባባል በእጅ ጽሑፉ ላይ አልነበረችም፤ በኋላ መጽሐፉ ለኅትመት ሲዘጋጅ ነው የገባችው። እንግዲህ ዲክንስም «ሰው የሚሞትበት ባይሆን» የሚል ስልክ ደርሶት ይሆናል። (ሳቅ)

ወደ ሁለተኛው ልሂድ። ይኸኛው አጭር ነው፣ በሩብ ሰዓት ያልቃል። ኦ ሄንሪ በ1905 ኒው ዮርክ ውስጥ በሚታተም ጋዜጣ ላይ ያወጣው የባልና ሚስት ታሪክ ነው። የሚጀምረው በቁጥር ነው፤ አንድ ዶላር ከ87 ሳንቲም። ዴላ ያላት ይህ ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ ቆጠረችው። ሦስቴም ያው ነው። ነገ ገና ነው፣ ለባሏ ስጦታ ትፈልጋለች።

የሚኮሩባቸው ሁለት ነገሮች አሏቸው። የሷ ፀጉር፣ ከጉልበቷ በታች የሚወርድ። የሱ የኪስ ሰዓት፣ ከአያቱ ለአባቱ፣ ከአባቱ ለእሱ የመጣ። ፀጉሯን በ20 ዶላር ሸጠች። ለሰዓቱ የሚሆን ሰንሰለት በ21 ዶላር ገዛች። 87 ሳንቲም ይዛ ቤቷ ገባች። ባልየው መጣ፣ ደነገጠ። እሱ ደግሞ ሰዓቱን ሸጦ ለፀጉሯ ማበጠሪያ ገዝቶላት ነበር።

ይህን ታሪክ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። እንደ ቀልድ በአንድ ትንፋሽ የሚነገር ስለሆነ ይመስለኛል ሰው የሚንቀው። «መጨረሻውን አውቀዋለሁ» ይላል። እኔ ግን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ሒሳቡ ነው። ደራሲው ሳንቲሟን ሳይቀር ያስቆጥረናል። ለምን ብትሉ፣ ድህነት ሁልጊዜ የሚቆጠር ነገር ስለሆነ ነው። ድሃ «ገንዘብ የለኝም» አይልም፤ ስንት እንደሌለው በትክክል ያውቀዋል። ኦ ሄንሪም የቸገረው ሰው ነበር። በባንክ ገንዘብ ማጉደል ተፈርዶበት ከሦስት ዓመት በላይ ታስሯል። ከእስር ከወጣ ገና አራት ዓመቱ ነበር ይህን ሲጽፍ።

ሁለቱም የማይጠቅም ስጦታ ይዘው ቀሩ። ማንም መጥቶ ሰዓቱን አልመለሰላቸውም። ሎተሪም አልወጣላቸውም። በዛሬ ፊልም ቢሆን አንድ ሀብታም ጎረቤት ሰዓቱን ገዝቶ በር ላይ ያንኳኳ ነበር። ያኔ ታሪኩ ይሞታል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልማ፣ ፍቀዱልኝ። በየበዓሉ እንደ አሸን የሚፈሉ መጻሕፍትና ፊልሞች አሉ። ከትልቅ ከተማ የመጣች ሥራ የበዛባት ሴት ናት። በረዶ ይጥላል፣ መኪናዋ ይበላሻል። የሚጠግንላት ሰው ቆንጆ ነው፣ ውሻ አለው። አንብቤያለሁ፣ አይቻለሁ፣ አልዋሽም፣ ወድጃቸውም አውቃለሁ። ድክም ሲለኝ ጥሩ ናቸው። ግን ምድጃው ከገጽ አንድ ጀምሮ እየነደደ ነው። ማንም በርዶት አያውቅም። ሲያቅፉም ሲያለቅሱም «እሺ» ብዬ አልፋለሁ። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። እነዚህ ላይ እንባው ሞልቷል፣ የጎደለው ሌላው ነው።

በነገራችን ላይ ስሕተቱ በተቃራኒው በኩልም አለ። ብዙ ሰው የአንደርሰንን ክብሪት ሻጭ ልጅ የገና ታሪክ ነው ብሎ ለልጆች ያነባል። የሆነው በአዲስ ዓመት ዋዜማ ነው፤ ልጅቷ ግን በክብሪቱ ብርሃን ውስጥ የገና ዛፍ ስለምታይ ሰው ይምታታበታል። ውብ ነው፣ ግን መንገድ ላይ ደርቃ ነው የምትገኘው። እኔ ለበዓል አላነበውም። አንጀት ይበላል፣ ሳያርስ ይተዋል። ይህ የግሌ ነው፣ የማይስማማ ይኖራል።

ያን ያህል ጨለማ ሳይሆን፣ ግን ከሐዘን የሚነሳ ከፈለጋችሁ የቶልስቶይ ጫማ ሰፊ አለላችሁ። «ፍቅር ባለበት እግዚአብሔር አለ» የሚለው፣ 1885። መነሻው ሩበን ሳየንስ የሚባል ፈረንሳዊ ፓስተር የጻፈው የገና ታሪክ ነው። ቶልስቶይ ወደ ሩሲያ ሲያመጣው ገናውን አወጣበት፤ አንባቢዎች ግን መልሰው የገና አደረጉት።

ማርቲን የሚኖረው ከመሬት በታች ባለች ክፍል ነው። መስኮቷ አንድ ናት፣ የምታሳየውም የመንገደኛውን እግር ብቻ። ማርቲን ሰው የሚያውቀው በጫማው ነው። በሰፈሩ እጁ ያልገባ ጫማ የለም ማለት ይቻላል። ይኼ የኔ ጥፍ ነው፣ ይኼ የኔ ሶል ነው እያለ ይቆጥራል። ሚስቱና ልጆቹ ሞተውበታል። የመጨረሻው ልጁ ሲሞትበት ከፈጣሪ ጋርም ተኳርፎ ነበር። አንድ ሌሊት ድምፅ ይሰማል፤ ነገ እመጣለሁ፣ መንገዱን ተመልከት።

በማግስቱ እየሠራ መስኮቱን ያያል። የሚያውቀው ጫማ ሲያልፍ ዝም ይላል። የማያውቀው ጫማ ሲመጣ ግን ጎንበስ ብሎ ወደ ላይ አንጋጦ ፊቱን ለማየት ይሞክራል። እዚህ ቦታ ስደርስ ማንበቤን አቆማለሁ። የታሪኩ ሁሉ ነገር እዚያች ጎንበስ ማለት ውስጥ አለ። ዕድሜውን ሙሉ እግር ሲያይ የኖረ ሰው በዚያች ቀን ፊት መፈለግ ጀመረ። በረዶ የሚጠርግ ደካማ ሽማግሌ አየ፣ ጠርቶ ሻይ አጠጣው። በበጋ ልብስ ሕፃን ታቅፋ የምትንቀጠቀጥ ሴት አየ፣ አስገብቶ አበላት፣ አለበሳት። የሚጠብቀው እንግዳ ግን ሳይመጣ መሸ። ቀሪውን ራሳችሁ አንብቡት።

ድልድይ ላይ ስለቆመው ሰው ቃል ገብቼ ነበር መሰለኝ። ፊሊፕ ቫን ዶረን ስተርን የሚባል አሜሪካዊ የጻፈው አጭር ታሪክ ነው። ባልተወለድኩ የሚል ሰው ምኞቱ ይፈጸምለትና እሱ የሌለባትን ከተማ ያያል። ታሪኩን የሚያትምለት አጣ። በ1943 በራሱ ወጪ 200 ቅጂ አሳተመና እንደ ገና ካርድ ለወዳጆቹ ላከው። ያ ካርድ ከእጅ ወደ እጅ ሆሊውድ ደረሰ፤ በ1946 ፊልም ሆኖ ወጣ። እዚህ የምትጽፉ ካላችሁ፣ እምቢ የተባለ ታሪካችሁን አትጣሉት።

አሁን ስለ ድምፅ። እነዚህን ታሪኮች ብቻችሁን አልጋ ላይ ተኝታችሁ ማንበብ ትችላላችሁ፣ ማንም አይከለክላችሁም። ግን ጮክ ብሎ ለመነበብ ነው የተሠሩት። ዲክንስ ራሱ ከ1853 ጀምሮ «የገና መዝሙር»ን አዳራሽ ውስጥ እየቆመ ያነብ ነበር፤ በርሚንግሃም ሲያነብ አንዱን ምሽት መክፈል ለማይችሉ ሠራተኞች በ6 ፔንስ አደረገው። በ1870 ከመሞቱ ከሦስት ወር በፊት፣ ለመጨረሻ ጊዜ መድረክ ላይ ሲወጣም ይዞት የወጣው ይህንኑ መጽሐፍ ነበር። አምስት ክፍል ነው። በአንድ ምሽት አንድ ክፍል ብትሉ አምስት ምሽት ይዛችኋል። ተዋናይ ካልሆንኩ አትበሉ። ስትሳሳቱ ይሳቅባችሁ። ሲከብዳችሁ ለሌላው አቀብሉ።

ጮክ ብላችሁ ስታነቡ ደግሞ ያልጠበቃችሁት ይገጥማችኋል። አንድ ዓመት ለትንሿ ልጄ የቼኾቭን «ቫንካ» አነበብኩላት። ሰባት ዓመቷ ነበር። እናቷ ተው ብላኝ ነበር። ቫንካ ሞስኮ ጫማ ሰፊ ቤት የተቀጠረ የዘጠኝ ዓመት ወላጅ አልባ ልጅ ነው። ይደበድቡታል፣ ያስርቡታል። በገና ዋዜማ ጌታው ወደ ጸሎት ሲሄድ ተንበርክኮ ለአያቱ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ና ውሰደኝ ይላል። ፖስታው ላይ «ለአያቴ፣ መንደር» ብሎ ይጽፋል። ያስባል፣ ጭንቅላቱን ያክካል፣ «ለኮንስታንቲን ማካሪች» ብሎ ይጨምራል። ሮጦ ሳጥን ውስጥ ይከተዋል። ደስ ብሎት ይተኛል። አለቀ።

አንብቤ ሳበቃ ዝም አለች። ደብዳቤው እንደማይደርስ የገባት መሰለኝና የሚያጽናና ነገር መፈለግ ጀመርኩ። «አባዬ» አለችኝ፣ «ፖስተኛው አያቱን ያውቃቸው ይሆናል እኮ።» አየኋት። «ስማቸውን ጽፎታል አይደል? ጠይቆ ያገኛቸዋል።»

ቼኾቭ ደብዳቤው አልደረሰም ብሎ የትም አልጻፈም። ያን ያህል ጊዜ ሳነበው አላስተዋልኩትም ነበር።

እንግዲህ ወሬዬን ላቁም። መብራቱን ትንሽ ቀንሱልኝ፣ ይቺ የጠረጴዛዋ ትበቃኛለች። ከኋላ ያላችሁ ጠጋ በሉ፣ ድምፄ ሩቅ አይሄድም። ዛሬ የመጀመሪያውን ክፍል ነው የማነብላችሁ፣ የስክሩጅን። አንቺ ደግሞ፣ በሩ ጋ ያለሽው፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ሞክሬ ነበር። የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ይቺ ናት።

«ማርሌ ሞቷል፤ ከዚህ እንጀምር።»